ከ18 ማዞሪያ ወደ ላይ 2,460 ሜትር

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ የቆመ ሰው፣ ውሃ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ከሚሆንበት ቦታ የሚለየው የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። የማንመላለስበት መንገዱ ሽቅብ፣ ያውም ቀጥ ያለ ሽቅብ ስለሆነ ብቻ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሰፈሩ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጧል። የአዲስ አበባ የዓመት አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ያህል ነው። አየር ደግሞ 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። 16ን ለ6.5 ሲያካፍሉት 2.46 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይህን በሰፈሩ ከፍታ ላይ ሲደምሩት ዜሮ ዲግሪ 4,860 ሜትር አካባቢ ተቀምጦ ይገኛል። በምድር ወገብ ዙሪያ ባሉ አገሮች ይህ መስመር ብዙ አይዋዥቅም፤ ክረምትም ሆነ በጋ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ባለው መካከል ከፍ ዝቅ ሲል ይከርማል። እናም ከታክሲ ሰልፉ፣ ከበቆሎ ጥብሱ ጭስ፣ ከቆርቆሮው ሁሉ በላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት በመጋቢት ቀትር እንኳ ውርጭ አለ። መንገዱ አግድም ቢሆን ኖሮ ታክሲ የሚሳፈርለት አይገኝም ነበር።

ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ሁለት ዓይነት ነው። እንዳይምታታብን ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠውን ድቡልቡሉን በረዶ፣ እየተንሳፈፈ መጥቶ ምድርን የሚያለብሰውን አመዳይ እያልኩ ልቀጥል። ኮልፌ የመጀመሪያውን አሳምራ ታውቀዋለች። ሁለተኛው እዚህ አይደርስም። በረሃ ግን ይደርሳል፤ ነገሩን እንዳሰላው ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2025፣ በሰሜን ቺሊ አታካማ በረሃ የሚገኘው አልማ የተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጣቢያ ዋና ግቢ በአመዳይ ተሸፈነ። ጣቢያው ሁለት ቦታ ነው። አንቴናዎቹ ቻክናንቶር በሚባል 5,000 ሜትር ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ቆመዋል፤ እዚያ አመዳይ አልፎ አልፎ ይጥላል። ሠራተኞች የሚያድሩበትና ጣቢያውን የሚያንቀሳቅሱበት ግቢ ግን 2,900 ሜትር ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ካየም አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። 2,900 ሜትር ማለት ከ18 ማዞሪያ በ500 ሜትር ብቻ የሚበልጥ፣ ከእንጦጦ ጫፍ ደግሞ የሚያንስ ከፍታ ነው። ነጭ የሆነው በረሃ ከእንጦጦ ዝቅ ይላል!

አንቴናዎቹ 66 ናቸው። ትልልቆቹ ሳህናቸው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 12 ሜትር ይሰፋል፤ የአንዱ ሳህን አፍ 113 ካሬ ሜትር ይሆናል። አዲስ የወረደ አመዳይ አየር የሞላበት ስለሆነ አንድ ሜትር ኩብ ሙሉው 100 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝናል። ቢሆንም 10 ሴንቲ ሜትር አመዳይ ሽቅብ በዞረ ሳህን ላይ ቢከማች 11 ኩንታል ይጭንበታል። በዚያ ቀን ጣቢያው ሥራውን አቁሞ፣ አመዳዩ ሳህኖቹ ውስጥ እንዳይጠራቀም ፊታቸውን ነፋሱ ወደሚሄድበት አዞረ። ዝናብ ሲመጣ ጀርባን እንደ መስጠት ያለ፣ እረኛ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው።

ነገሩን አስደናቂ የሚያደርገው የቦታው ድርቀት ነው። በዚያው በረሃ ዳር ባለችው አሪካ በምትባል የወደብ ከተማ በዓመት የሚወርደው ዝናብ በአማካይ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1903 እስከ ጥር 1918 ድረስ ለ173 ወራት ምንም ዝናብ አልተመዘገበባትም፤ በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ዝናብ አልባ ጊዜያት ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው። በዚያ ዘመን አሪካ ውስጥ የተወለደ ልጅ ዝናብ የሚባለውን ሳያይ ድምፁ ሊጎረንን ይችል ነበር። አዲስ አበባ በዓመት 1,100 እና 1,200 ሚሊ ሜትር መካከል ታገኛለች። እኛ አንድ ዓመት የምንጠጣው፣ የምንረግጠውና በቦይ የምንሸኘው ዝናብ ለአሪካ 1,500 ዓመት ግድም ይበቃታል። እኛ «ዛሬስ ብዙም አልዘነበ» የምንላት የነሐሴ ከሰዓት 10 ሚሊ ሜትር ለአሪካ የ13 ዓመት ቀለብ ናት።

አልማ እዚያ የተተከለውም ስለዚህ ነው። ከከዋክብት የሚመጣውን ደካማ የሬዲዮ ሞገድ የሚውጠው በአየር ውስጥ ያለ የውሃ ተን ነው፤ ቻክናንቶር ሜዳ ላይ ደግሞ ከመሬት እስከ ሰማይ ጫፍ ያለው ተን በሙሉ ተጨምቆ ቢወርድ አብዛኛውን ጊዜ ከፍታው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጣት አያርስም። ድርቀቱን የሚጠብቁት ሦስት ዘበኞች ናቸው፦ በምሥራቅ የአማዞንን እርጥበት የሚያግደው የአንዲስ ሰንሰለት፣ በምዕራብ የባሕሩን ፊት አቀዝቅዞ ተን ወደ ላይ እንዳይነሳ የሚያደርገው የሐምቦልት ቀዝቃዛ ጅረት፣ ከላይ ደግሞ አየሩን ወደ ታች የሚጫነው የማያቋርጥ ከፍተኛ ግፊት። በዚህ የተነሳ በአታካማ ከ6,500 ሜትር በላይ የሚረዝሙ፣ ግግር በረዶ ግን የማይታይባቸው ተራሮች አሉ። ብርዱ ሞልቷል፤ የሚቀዘቅዝ ነገር ነው ያጡት።

አልፎ አልፎ ከደቡብ ውቅያኖስ የተገነጠለ ቀዝቃዛ የአየር ክምችት ዘበኞቹን አልፎ ይገባል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 የገባው በከፍታው ሜዳ ላይ እስከ 80 ሴንቲ ሜትር አመዳይ ጥሎ መንገድ ዘጋ፤ ሰው ከያለበት እንዳይንቀሳቀስ አደረገ። ሰሃራም እንዲሁ ያደርጋታል። 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው የአልጄሪያዋ አይን ሰፍራ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1979 ለግማሽ ሰዓት አመዳይ ወረደባት፤ በታኅሣሥ 2016 እና በጥር 2018 ደግሞ ቀይ አሸዋዋ እንደገና ነጭ ሆኖ በዓለም ዙሪያ በፎቶ ታየ።

አመዳይ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ውሃና ብርድ። በረሃው ብርድ አለው፣ ውሃ የለውም። ኮልፌ ውሃ አላት፣ ብርድ ይጎድላታል። የሚጎድላትም ስንት እንደሆነ ማስላት ይቻላል። አመዳይ ከዜሮ መስመር በታች 300 ሜትር ያህል ሳይቀልጥ መውረድ ይችላል። ስለዚህ 18 ማዞሪያ ላይ አመዳይ እንዲያርፍ መስመሩ ከ4,860 ወደ 2,700 ሜትር መውረድ አለበት፤ ይህ ደግሞ አየሩ በሙሉ አሁን ካለው በ14 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ መጠየቅ ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን፣ የአውሮፓ ሰሜን በግግር በረዶ ተቀብሮ በነበረበት ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ደጋ የቀዘቀዘው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ነበር። የበረዶ ዘመን እንኳ የኮልፌን ዕዳ ግማሽ አልከፈለም።

በከባድ ዝናብ ማግስት ስልክ ላይ እየተቀባበልነው «አዲስ አበባ ስኖው ወረደ» የምንልበት ፎቶ እንግዲህ የአመዳይ አይደለም። ያ በረዶ ነው። እርሱስ ታዲያ አመዳይ ያልቻለውን መንገድ እንዴት ቻለው? በፍጥነት። የአመዳይ ብናኝ በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ነው የሚወርደው፤ ከዜሮ መስመሩ እስከ ኮልፌ ጣሪያ 41 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ስድስትና ሰባት ደቂቃ እንኳ ሳይሄድ ዝናብ ሆኖ ያርፈዋል። አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላት የበረዶ ፍሬ ግን በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ ትምዘገዘጋለች። በአራት ደቂቃ ደረሰች። ዙሪያዋ ቢሟሟም ልቧ ሳይቀልጥ ቆርቆሮውን ታገኘዋለች።

እዚህ ላይ የደጋ ኑሮ ኪሳራ ይታያል። ዜሮ መስመሩ ለአፋርም ለኮልፌም እኩል ከፍታ ላይ ነው፤ ቆላው ግን ከመስመሩ በእጥፍ ይርቃል፤ የሚወርደውም በረዶ አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀልጣል። እኛ ወደ ደመናው ተጠግተን ስለተቀመጥን ሳይቀልጥ ይደርሰናል። በምድር ወገብ ሥር ባለችው የኬንያዋ የሻይ አገር ኬሪቾ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 132 ቀን በረዶ የወረደበት ጊዜ ተመዝግቧል። በቆላ አገር በረዶ መሬት የሚደርሰው በጣም ትልቅ ከሆነ ነው፤ ሲደርስም ሰው ይገድላል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1986 ባንግላዴሽ ጎፓልጋንጅ ላይ ከወረዱት አንዷ ፍሬ 1.02 ኪሎ መዝናለች። በዚያ ቀን 92 ሰዎች ሞተዋል።

የኛዋ ባለ አንድ ሴንቲ ሜትር ፍሬ ግማሽ ግራም አትሞላም። ግን ከምን እንደተሠራች እንይ። የደመና ጠብታ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሃምሳኛ ያህል ነው። አንዷን የበረዶ ፍሬ ለመሥራት እንዲህ ያሉ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ ጠብታዎች አንድ በአንድ ተለጥፈውባት መቀዝቀዝ አለባቸው። ሕፃን ልጅ ከደጅ ለቅሞ አፉ ውስጥ የሚከታት፣ እናቱ «ጉንፋን ይይዝሃል፣ ትፋ!» የምትለው ፍሬ፣ የጠብታዎቿ ቁጥር ከኢትዮጵያ ሕዝብ ቁጥር ጋር ይቀራረባል።

አሁን 5 ሴንቲ ሜትር በረዶ ወርዷል እንበል፤ ጫማ የሚውጥ፣ አሸንዳ የሚደፍን ዓይነቱ። በመካከሉ ክፍተት ስላለ አንድ ሜትር ኩብ በረዶ 500 ኪሎ ግድም ይሆናል። አንድ ካሬ ሜትር መሬት 25 ኪሎ ተሸከመ ማለት ነው፤ በፍሬ ሲቆጠር 53,000። 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ላይ፣ ተዳፋቱ ባያንሸራትተው፣ 12 ኩንታል ተኩል ይቀመጥበታል፤ ያው ውፍረት ያለው አመዳይ ቢሆን ኖሮ ግን 2 ኩንታል ተኩል። ይህ ሁሉ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከወረደ ያን ጣሪያ በየሰከንዱ 3,000 ገደማ ፍሬዎች ይመቱታል። በረዶ ሲጥል ቤት ውስጥ ያለ ሰው አጠገቡ ያለውን የማይሰማው ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻም። ሬዲዮውን ከፍ ማድረግም ዋጋ የለውም፤ ዘግቶ መጠበቅ ነው።

ስፋቱን ወደ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብናሳድገው ፍሬዎቹ 53 ቢሊዮን ይሆናሉ። በምድር ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ሰው ስድስት ስድስት ቢያድሉት ይተርፋል።

ከበረዶው በኋላ የሚመጣው ብርድም ቁጥር አለው። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ሙቀት አንድ ሊትር ውሃን ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ሊያሞቅ ይችላል። በየካሬ ሜትሩ የተቀመጠው 25 ኪሎ በረዶ ይህን ሙቀት የሚወስደው ከመሬቱ፣ ከግድግዳው፣ ከአየሩና ታክሲ ከሚጠብቀው ሰው እግር ነው። በየሰፈሩ ድንገት ጋቢና ሹራብ የሚወጣው ያን ሰዓት ነው።

እስካሁን የተቆጠረው የሚወርደው ነው። እኔን ግን እጅግ የገረመኝ ወደ ላይ የሚሄደው ነገር ነው። ተን ወደ ውሃ ሲመለስ፣ ሲተን የወሰደውን ሙቀት መልሶ ይለቃል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ 2.5 ሚሊዮን ጁል ያህል። ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ 60 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። በመላው ክፍለ ከተማ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝናብ ቢወርድ 600,000 ቶን ውሃ ነው። ይህ ውሃ ደመናው ውስጥ ከተን ወደ ጠብታ ሲለወጥ የለቀቀው ሙቀት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አቅሙን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ለ81 ሰዓት ቢሠራ ከሚያመነጨው ጋር እኩል ነው። ከሦስት ቀን በላይ! ይህን ያህል ጉልበት በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ ክፍለ ከተማ አናት ላይ፣ ያለ ተርባይንና ያለ ገመድ ይለቀቃል። ደመናውን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ የሚገፋውና የበረዶ ፍሬዎቹን እስኪከብዱ ድረስ አየር ላይ አንሳፍፎ የሚያቆያቸው ይኸው ሙቀት ነው። በሌላ አነጋገር በረዶ የሚሠራው ምድጃ ነው።

ውሃም ብርድም አንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ በአገራችን አለ፤ ለጥቂት ነው እንጂ። ራስ ዳሽን እኛ በትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን የሸመደድነው ተራራ ነው። በኋላ በተሠሩ ልኬቶች ወደ 4,533 ወይም 4,550 ወርዷል፤ ተራራው አንድ ድንጋይ ሳይንከባለልበት ከፍታውን ተቀማ። በ4,533 ሜትር ከሄድን፣ ከላይ በሠራነው ስሌት ጫፉ ላይ የዓመት አማካይ ሙቀቱ 2 ዲግሪ ግድም ይሆናል፤ ዜሮ መስመሩም ከጫፉ በላይ 330 ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። አመዳይ ሳይቀልጥ መውረድ የሚችለው 300 ሜትር ነው ብለን ነበር። ለዚህ ነው ስሜን ተራሮች ላይ ብርዱ ጠንከር ባለ ሌሊት አመዳይ የሚወርደው፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ የሚሄደው። ተራራው 300 ሜትር ቢያጥር አመዳይ እጅግ ብርቅ ይሆንበት ነበር፤ 500 ሜትር ቢረዝም ደግሞ እንደ ኪሊማንጃሮ ዓመቱን ሙሉ ቆብ ሊያጠልቅ ይችል ነበር።

የዚህ አመዳይ ዜና ጥንታዊ ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ከድንጋይ ዙፋን የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ስሙ ያልተረፈልን የአክሱም ንጉሥ የዘመተባቸውን አገሮች ሲዘረዝር፣ የስሜን ሰዎች ለመድረስ በሚያስቸግሩና በአመዳይ በተሸፈኑ ተራሮች ላይ እንደሚኖሩ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ እንደሚሰጥም ይናገራል። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በ18ኛው መቶ ዘመን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን ስሜን ላይ አመዳይ የለም ባይ ነበር። ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አመዳዩን በዓይኑ ማየቱን ጻፈ፤ ብሩስ ያላየውም ከተራራው ግርጌ ስላላለፈ ነው አለ። ብሩስን አልፈርድበትም፤ ረፋድ ላይ ደርሶ ቢሆንስ?

ከዚሁ ጫፍ በአየር መስመር 240 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዳሎል አለ። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው ልኬት የዓመት አማካይ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ የሆነ፣ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ የሞቀው። አመዳይና ዳሎል በአንድ ቀን የመኪና ጉዞ ያህል ርቀት ላይ ይጎራበታሉ፤ መንገዱ እንደ ወፍ መንገድ ቢቀና ማለቴ ነው።

ወደ ደቡብ ባሌ ላይ ደግሞ ያ የበረዶ ዘመን 4 እስከ 6 ዲግሪ፣ ለኮልፌ ያልበቃው፣ በቅቶ ነበር። ዜሮ መስመሩ ወደ 4,000 ሜትር ሲወርድ ከሳነቴ ሜዳ ጋር ገጠመ፤ ሳነቴ ደግሞ ገደል ሳይሆን ሰፊ ሜዳ ነውና የወረደው አመዳይ ሳይንሸራተት ተከምሮ ግግር ሆነ። ሲሰፋ ከ250 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሸፈነ፤ የዛሬዋ አዲስ አበባ ግማሽ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት በነበረው ጊዜ ፊንጫ ሃበራ በተባለ የባሌ ዋሻ ሰዎች ኖረዋል። ግግሩ ሲቀልጥ የሚወርደውን ውሃ እየጠጡ፣ ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ። ዋሻው 3,469 ሜትር ላይ ነው። ከኮልፌ ወደ ምዕራብ ቀና ሲሉ የሚታየው የወጨጫ ጫፍ ከዚያ ዋሻ የሚያንሰው መቶ ሜትር በማይሞላ ነው።